ሳይንስ «ይታመናል» ወይ? የከፈትኩት ክርና የመጡብኝ ምላሾች

የክሩ፣ ማለትም በመወያያ ገጽ ላይ ምላሽ በምላሽ የተዘረጋው ውይይት፣ መነሻ እኔ ነኝ። አንድ ወዳጄ በጨዋታ መሃል፣ አንተ በሳይንስ ታምናለህ፣ እኔ በፈጣሪዬ አምናለሁ፣ ሁለታችንም አማኞች ነን አለኝ። ነገሩ ሲያብሰለስለኝ አመሸና ከመተኛቴ በፊት ረዘም ያለ ጽሑፍ ለጠፍኩ። ያልኩት ባጭሩ ይህ ነው፤ እውቀት ማስረጃውን ይዞ ይቀርባል፣ እምነት ግን ማስረጃ ሳይጠይቅ ይቀበላል። ስለዚህ መሬት በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር «አምናለሁ» የሚል ሰው፣ ሁለት እጅ እንዳለኝ አምናለሁ እንደሚል ሰው ቃሉን ያለቦታው አውሎታል። መጨረሻ ላይ የሚቃወም ካለ እስቲ ይምጣ የምትል ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። ዛሬ ሳነባት ታሳፍረኛለች።

መጡ። ሃያ ስድስት ምላሽ ሆነ። ክሩ ስለረዘመ አዲስ ለሚገባ አንባቢ እንዲቀል፣ በየቁጥሩ የተባለውን በራሴ ቃል አሰፍራለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ምላሽ 1፦ አንቱ እያለ አመስግኖኝ የጀመረ ጨዋ ሰው ነው። ሙሉ በሙሉ ተስማማና ምሳሌ ጨመረልኝ። ኡራኑስ የምትባለው ፕላኔት በስሌት ከተቀመጠላት መንገድ ትንሽ ትንሽ እያፈነገጠች የሥነ ፈለክ ሰዎችን አስቸግራ ነበር። ፈረንሳዊው ኡርባን ለቬሪዬ ከእሷ ወዲያ ሆኖ የሚስባት ያልታየ አካል መኖር አለበት አለና የት እንደሚገኝ በብዕርና በወረቀት አሰላ። ደብዳቤው በርሊን የደረሰው ሴፕቴምበር 23 ቀን 1846 ነበር። ዮሐን ጋለ የተባለው ተመልካች በዚያው ሌሊት መነጽሩን አዞረ፤ ኔፕቲዩን ከተባለችበት ቦታ አንድ ዲግሪ እንኳ ሳትርቅ ተገኘች። እምነት በአድራሻ ፕላኔት አስገኝቶ ያውቃል ወይ ብሎ ጠይቆ ዘጋ። ደስ አለኝ።

ምላሽ 2፦ መስማማቱን በአንድ ቃል ገልጾ ሄደ።

ምላሽ 3፦ የቋንቋ መምህር መሆኑን የገለጸ ሰው ነው። ስለ ሳይንስ ትንፍሽ ሳይል «አመነ» የሚለውን ግስ ይዞ ገባ። አንድ ነገር እውነት ነው ብሎ መቀበል ማመን ይባላል። ገንዘቤን እሱን አምኜ ሰጠሁት ስንል ግን ነገሩ መደገፍ፣ ራስን በሌላው ላይ መጣል ነው እንጂ እውነትና ሐሰት መለየት አይደለም። ተከሳሹ ጥፋቱን አመነ ስንል ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይሆናል፤ የሚያውቀውን አውጥቶ ተናገረ ማለት ነው። እምነት፣ ታማኝ፣ አመኔታ፣ «አሜን» ሳይቀር ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። እንግዲህ ሳይንስ ይታመናል ወይ ብሎ በአማርኛ መጠየቅ ሦስት ጥያቄ በአንድ ከረጢት መክተት ነው አለ። የሃይማኖት ሰው አምናለሁ ሲል ይበልጡን የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ነው፤ እኔ ግን አንደኛው መስሎኝ፣ ሃይማኖትን ማስረጃ እንደጎደለው መላ ምት ቆጥሬ ፈረድኩበት። የዚያን ቀን ቃል ሰንጣቂ ብዬ በሆዴ ታዘብኩት። አሁን ሳየው ከእሱ የተሻለ የጻፈ በክሩ ውስጥ የለም።

ምላሽ 4፦ ይህ የ1ኛውን ታሪክ ካቆመበት ያነሣ ነው። ያው ለቬሪዬ በ1859 ሌላ ችግር ገጠመው። ሜርኩሪ በምሕዋሯ ላይ ለፀሐይ በጣም የምትቀርብበት ነጥብ በየዙሩ ትንሽ እየተገፋ ይሄዳል፤ የታወቁት ፕላኔቶች ስበት ሁሉ ተደምሮ ሳይመልሰው የሚቀር ልዩነት ነበር። እሱም የለመደውን መንገድ ተከተለ፤ ለፀሐይ የቀረበች፣ ያልታየች ሌላ ፕላኔት አለች አለ። ቩልካን የሚል ስም ወጣላት። በዚያው ዓመት አንድ ሐኪም በፀሐይ ፊት ስታልፍ አየኋት ብሎ ነበርና ለቬሪዬ ድረስ ሄዶ አነጋግሮት በደስታ ተመለሰ። ቩልካን ግን የለችም። ለቬሪዬ በ1877 ሲሞት ትገኛለች እንዳለ ነበር። በ1915 አይንስታይን አዲሱን የስበት ንድፈ ሐሳቡን ይዞ ሲመጣ፣ ያ ልዩነት ምንም ፕላኔት ሳይጨመር ከስሌቱ ወጣ።

ጸሐፊው ይህን ሁሉ የተረከው 1ኛውን ለማረም ነው፤ ሰውዬው ያው፣ ብዕሩ ያው፣ እርግጠኝነቱም ያው ሆኖ አንዱ ተገኘ፣ አንዱ ጠፋ። ስለዚህ እውቀትን ከእምነት የሚለየው የልብ እርግጠኝነት ሊሆን አይችልም። እኔ ግን እሱ በጨረፍታ ያለፈው ቁጥር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልዩነቱ በመቶ ዓመት 43 የቅስት ሰከንድ (አንድ ዲግሪ ለ3600 ሲከፈል የሚገኝ የማዕዘን መለኪያ) ያህል ነው። የሙሉ ጨረቃን ስፋት አርባ ቦታ ብንከፍለው አንዷን ክፋይ ታክላለች፤ እሷም የምትጠራቀመው በ100 ዓመት ነው። ለዚህች ብናኝ ሲሉ ሰዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ እንቅልፍ አጡ። ይቅር፣ ትንሽ ናት ብሎ መተው ይቻል ነበር። አልተተወችም።

ምላሽ 5፦ ጨዋነቱ እዚህ ላይ አበቃ። ይህ ሰው እየሰበክህ ነው አለኝ፣ አንቱታውንም አነሣው። መሬት በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር አንተ በምን አወቅህ? መምህር ነገረህ፣ መጽሐፍ ላይ አነበብህ፣ ተፈተንህበት፣ አለፍህ። የሃይማኖት አባቱ የነገረውን ከተቀበለው ሰው በምን ትለያለህ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ስለ እጄም አልማረኝም፤ እጅህን ታየዋለህ፣ የመሬትን መዞር መቼ አየኸው አለ።

ምላሽ 6 የእኔ ነው። ማንም ሰው ሊያረጋግጠው ይችላል ብዬ ሌዮን ፉኮ በ1851 ፓሪስ ፓንቴዎን ውስጥ የሰቀለውን ፔንዱለም አነሣሁ። 67 ሜትር ሽቦ፣ ጫፉ ላይ 28 ኪሎ የምትመዝን ኳስ። ኳሷ ስትወዛወዝ የመወዛወዣዋ አቅጣጫ በሰዓት 11 ዲግሪ ያህል ሲዞር ሕዝቡ ቆሞ አየ፤ የዞረችው ከሥሯ ያለችው መሬት ናት ብዬ ጻፍኩ።

ምላሽ 7፦ 5ኛው ተመልሶ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። መጀመሪያ፣ ይህ መሬት በራሷ ዛቢያ መሽከርከሯን እንጂ በፀሐይ ዙሪያ መዞሯን መች ያሳያል? ቀጥሎ፣ አንተ ራስህ ሰቅለኸው ታውቃለህ? በመጀመሪያው ተሳስቻለሁ። ለሁለተኛው መልሱ አይደለም ነው። አንድ ቀን ሙሉ ዝም አልኩ።

ምላሽ 8፦ ዝምታዬን የሞላችው በቤተ ሙከራ የምትሠራ ሴት ናት። ክርክሩ ውስጥ አልገባችም፤ ጠዋት ሥራ ስትገባ የምታደርገውን ብቻ ዘረዘረች። የዕለቱን ናሙና ከመመዘኗ በፊት ክብደቷ የታወቀችውን መፈተኛ ብረት በመቆንጠጫ አንሥታ ሚዛኑ ላይ ታስቀምጣለች፤ በእጅ አትነካም፣ የጣት ላብ ይመዝናልና። የሚዛኑን ንባብ በቀለም ትጽፋለች። ቁጥሩ ቢበላሽ አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ይሰረዝና የስሟ መጀመሪያ ፊደል ይቀመጥበታል፣ የተሰረዘውም ከሥሩ እንደተነበበ ይቀራል። አንድ ሰሞን ንባቡ አልረጋ ብሏት ስታስስ፣ በተከፈተ መስኮት የገባ ነፋስ ሆኖ አገኘችው። ናሙናዎቹም ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም፤ የትኛው መድኃኒት እንዳለበት፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ እሷ እንዳታውቅ ተብሎ ነው። ሥራችን ራሳችንን ባለማመን ላይ የቆመ ነው ብላ ጨረሰች። ለ5ኛው ከእኔ ፔንዱለም የተሻለ መልስ ነበር። እኔ የማምነው ይሳሳታል ተብሎ አስቀድሞ የተጠረጠረ፣ መሳሳቱ የሚያዝበት ወጥመድም የተዘጋጀለትን ሰው ነው። ይህም፣ የሃይማኖት አባትን ማመንም አመኔታ ናቸው፣ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም።

ምላሽ 9፦ ወጥመዱ ባይኖር ምን እንደሚሆን ያሳየ ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሰው ሬኔ ብሎንድሎ በ1903 አዲስ ጨረር አገኘሁ አለ፤ ሌሎችም እኛም አየነው ብለው ተከተሉት። በ1904 አሜሪካዊው ሮበርት ውድ ሊጎበኘው ሄደ። ክፍሉ ጨለማ ነበርና ጨረሩን ይበትናል የተባለውን ፕሪዝም ውድ ቀስ ብሎ ከመሣሪያው አነሣው። ብሎንድሎ መለኪያውን ማንበቡን ቀጠለ። ሰውዬው አጭበርባሪ አልነበረም፤ ከልቡ ያያል።

ምላሽ 10፦ ሐኪም ነው፣ ቁጡ ነው። ሳይንስን ቅባት አትቀቡት ብሎ የማዋለጃ ሐኪም የነበረውን የኢግናዝ ዜመልቫይስን ነገር አመጣ። በቪየና የማዋለጃ ክፍል በኤፕሪል 1847 ከመቶ ወላዶች 18 ያህሉ ይሞቱ ነበር። ሐኪሞቹ አስከሬን ከሚመረምሩበት ክፍል በቀጥታ ወደ ወላዶቹ ይመጡ ስለነበር፣ እጃቸውን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠቡ አደረገ። በጁን ሞቱ ወደ ሁለት ገደማ ወረደ። ቁጥሩ እንዲህ እያፈጠጠ ብዙዎቹ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም፤ እሱም በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ሞተ። የምላሹ ጸሐፊ የጠየቀው፣ ከእነዚያ የተማሩ ሰዎች ይልቅ ግትር አማኝ የት ይገኛል የሚል ነው።

ምላሽ 11 ጥፋቱ የሰዎቹ እንጂ የሳይንስ አይደለም አለ። ምላሽ 12 ወዲያው ያዘው፤ መልካሙ ሲሆን የሳይንስ፣ ክፉው ሲሆን የሰው፤ ይህንኑ ምሕረት ለሃይማኖት ትሰጣላችሁ ወይ? ሁለቱ እዚያው ተናከሱ። የተሰረዙ መስመሮች ስላሉ አልደግመውም። 12ኛው ግማሽ እውነት አለው። ቀሪውን ግማሽ የሚመልሰው ግን ያው 1865 ይመስለኛል፤ ዜመልቫይስ በሞተበት ዓመት ቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር ግላስጎው ውስጥ ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማከም ጀምሮ ነበር። ጠቡ የተዘጋው የቁስሎቹ መዳንና የተሐዋስያኑ መታየት ተጠራቅሞ እምቢታውን ስላደከመው ነው። ዘግይቷል። በመካከል የሞቱትን እናቶች መዘግየቱ አይመልሳቸውም፣ በዚህ ሐኪሙ ትክክል ነው።

ምላሽ 13፦ ፊዚክስ የምታስተምር፣ አማኝ መሆኗንም ያልደበቀች ሴት ናት። ድምጿ ዝግ ያለ ነው። ዦርዥ ለሜትርን አነሣች፤ የካቶሊክ ካህን ሆኖ ሳለ በ1927 ሕዋ እየሰፋ መሆኑን ከአይንስታይን እኩልታዎች ያወጣ፣ በ1931ም ሁሉ ነገር ከአንድ ጥንታዊ አቶም ተነሣ የሚል ሐሳብ ያቀረበ ሰው ነው። በ1951 የካቶሊክ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒየስ 12ኛ ይህን የሕዋ አጀማመር ከፍጥረት ጋር ሲያያይዙት ለሜትር ደስ አላለውም። እምነቱን ነገ ሊሻሻል በሚችል ስሌት ላይ መስቀል አልፈለገም። እሷም እንዲሁ ናት፤ ጸሎቴን በቴሌስኮፕ አታረጋግጡልኝ፣ ቴሌስኮፑ ሐሳቡን ሲለውጥ ጸሎቴን የት ልጣለው ነው ያለችው። 3ኛውን ጠቅሳ፣ ሁለተኛው ማመን ማለት ይህ ነው ብላ አከለች። ከአማኝ አፍ ስሰማው ነገሩ ገባኝ።

ምላሽ 14፦ አራት መስመር ነው። ልጁ ታምሞ እያለ በአንድ ሌሊት መድኃኒቱንም እንደሰጠ፣ ተንበርክኮም እንደጸለየ፣ ልጁም እንደዳነ ጻፈ። የትኛው አዳነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ አለ። ለሰዓታት የጻፈ አልነበረም። መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በአንድ ልጅ ሳይሆን በብዙ መቶ ልጆች ነው፤ ይህን አሁንም እላለሁ። እሱ ግን ስለዚያ አልጻፈም።

ከምላሽ 15 እስከ 18 ክሩ ቦዩን ለቀቀ። አንዱ ዝግመተ ለውጥ ገና ንድፈ ሐሳብ ነው፣ አልተረጋገጠም አለ። ሌላው ንድፈ ሐሳብና መላ ምት ለየቅል ናቸው ብሎ አረመው፤ መላ ምት ገና ፈተና ላይ ያልተቀመጠ ግምት ነው፣ ንድፈ ሐሳብ ግን ብዙ ምልከታ በአንድ ገመድ አስሮ የያዘ፣ ፈተናውን እያለፈ የመጣ ማብራሪያ ነው። ስበትም ንድፈ ሐሳብ አለው፤ ከፎቅ የሚዘል ግን የለም። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ከዚያ አንዱ «ሐሳብ» በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው ብሎ ተነሣና ሦስቱ ሰዎች በሀ፣ በሐ እና በኀ ላይ ከዝግመተ ለውጡ የበለጠ ተጨቃጨቁ።

ምላሽ 19፦ ክሩን ያዳነው ይህ ሰው ነው። ታላቅ እኅቱ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃን ካልፈላው በጣዕም እለያለሁ ትላለች። እሱ ደግሞ እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሰው ሮናልድ ፊሸር፣ ወተት ከሻይ በፊት ወይስ በኋላ እንደተጨመረ በጣዕም እለያለሁ ያለች ሴትን በስምንት ስኒ እንደፈተናት ያውቃል። እንዲሁ አደረገ። ስምንት አንድ ዓይነት ብርጭቆ አሰለፈ፤ አራቱ የፈላ፣ አራቱ ያልፈላ። የብርጭቆዎቹን ቅደም ተከተል በዕጣ አወጣ፣ ከሥራቸው ቁጥር ለጠፈ፣ ውሃው ሁሉ እኩል እስኪቀዘቅዝ አንድ ሌሊት አሳደረው። እኅቱ ስትቀምስ እሱ ፊቱ እንዳይናገርበት ከክፍሉ ወጣ፤ የጎረቤት ልጅ መልሷን መዘገበ። ስድስቱን በትክክል ለየች። ሁለቱን ስታ ምን አለች? ብርጭቆዎቹ የሳሙና ሽታ ነበረባቸው።

ምላሽ 20 ከስምንት ስድስት ማለት 75 በመቶ ነው፣ አለፈች ብሎ አጨበጨበላት። ምላሽ 21 ስሌቱን ዘረጋው። አራት የፈላ እንዳለ ስለምታውቅ አንዱን ብትስት ሌላው አብሮት ይሳሳታል፤ ስለዚህ ነጥቧ ሁልጊዜ ተጋማሽ ቁጥር፣ ማለትም 0፣ 2፣ 4፣ 6 ወይም 8 ይሆናል። ከስምንት ብርጭቆ አራቱን ለመምረጥ 70 መንገድ አለ። ሁሉንም የሚያስገኘው አንዱ ብቻ ነው፣ ስድስት የሚያስገኙት 16 ናቸው። ዓይኗን ጨፍና ብትገምት እንኳ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሏ ከ70 17 ነው፤ ከአራት ጊዜ አንዴ ያህል። የሚያስጨበጭብ አይደለም። አትችልም ለማለትም አይበቃም።

ምላሽ 22፦ የቩልካኑ ሰው፣ 4ኛው፣ ተመለሰ። ሳሙናዋ ቩልካን ናት አለ። ስሌት አልሰምር ሲል የሚጨመር ያልታየ ነገር። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ኔፕቲዩንም መጀመሪያ ላይ እንደዚያው ነበረች። ልዩነቱ ኔፕቲዩን የት እንደምትገኝ ተነግሮ ሰዎች መሄድና መፈለግ መቻላቸው ነው። ሳሙናዋም ትፈለግ፣ ብርጭቆዎቹ በውሃ ብቻ ይታጠቡና ይደገም አለ።

ምላሽ 23፦ ያን ሁሉ የተቆጣኝ 5ኛው ሰው ነው፣ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ለስልሷል። ከመድገማችሁ በፊት፣ ምን ቢሆን እንደምትተወው ትጻፍ አለ። ፈላስፋው ካርል ፖፐር በ1934 ያሳተመው ሐሳብ ይህ ነው፤ ሳይንሳዊ አባባል ምን ቢታይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ የሚናገር ነው። አይንስታይን የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ 1.75 የቅስት ሰከንድ ይታጠፋል ብሎ ቁጥሩን አስቀምጦ ነበር፤ በሜይ 29 ቀን 1919 ግርዶሽ ሊለኩት ሲሄዱ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ነበር፣ ማንም ኋላ ሊያስተካክለው አይችልም። የእሷም እንዲህ ይሁን አለ። እኔ በመነሻው ጽሑፌ ልለው ፈልጌ ያቃተኝን፣ የተቃወመኝ ሰው ጻፈልኝ።

ምላሽ 24፦ ተደገመ። ብርጭቆዎቹ በውሃ ብቻ ታጠቡ። እኅትየው ከመቅመሷ በፊት፣ አንድ እንኳ ብስት ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አላነሣም ብላ ጽፋ ፈረመች። አራት አገኘች፤ በጭፍን ግምት የሚጠበቀው ልክ ይኸው ነው። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች፣ አላጉረመረመችም። ከዚያ ሌላ ንጹሕ ወረቀት አወጣችና ብዕሩን ለወንድሟ ሰጠችው። እሱ ጉንፋን ሲይዘው ቫይታሚን ሲ ይውጣል፣ ቶሎ ያሽለኛል ይላል። ምን ብታይ ትተዋለህ፣ ጻፍ አለችው። ወረቀቱ ሦስት ቀን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ባዶውን እንዳለ ጽፎልናል።

ምላሽ 25 በዚያው በ5ኛው ሰው ስም የመጣ፣ ለእኔ የተላከ ነው። ሽቦውን ገዛህ ወይ ይላል።

ምላሽ 26 ላይ፣ ጣሪያዬ ለፔንዱለም ዝቅ ያለ ነው ብዬ መለስኩ። ከሥሩ በምልክት ብቻ ነው ያስታወቀኝ፤ አንዲት የሳሙና ሥዕል።